ሰውዬው ድልድይ ላይ ቆሟል

ፍቅሩ የዘፈን ሸክላውን ከካርቶኑ ከማውጣቱ በፊት እጁን ታጠበ፤ አደረቀ፤ ያልደረቀ መስሎት እንደገና በሸሚዙ ጠረገ። ሚስቱ በላይነሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትስቅበታለች። የእሷ ሳቅ አይሰማም። የእንቅርት ኦፕሬሽን ካደረገች ወዲህ ድምፅዋ ተጎድቶ ሹክሹክታ ብቻ ስለቀረላት፣ መሳቋ የሚታወቀው ትከሻዋ ሲነቃነቅ ነው።

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለዚህ ሸክላ ያልሰማ የለም። ፍቅሩ ለጥበቃው፣ ለባለሱቁ፣ ደረጃ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ ሲያወራ ዓመታት አልፈዋል። "ላም አለኝ በሰማይ" እያሉ ያሙታል። ደፈር ያለው ደግሞ "ጋሽ ፍቅሩ፣ ሸክላው ከአውሮፓ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?" ይለዋል። እሱ አይቆጣም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጊዜ ይወስዳል፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ይላቸዋል። ተረትማ ለሁሉም ወገን አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ሁለቱም አቃቂ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ እሱ መካኒክ፣ እሷ ፈትል ክፍል። ፋብሪካው እንደ ጊዜው ወግ የኪነት ቡድን ነበረው። ስለ ምርት፣ ስለ ዘመቻ፣ ስለ ጓድነት ይዘፈናል። አንድ ጊዜም እዚያው አዳራሹ ውስጥ አንድ ካሴት ቀረጹ፤ ከሠራተኛው አልፎ የትም አልደረሰም። ከነዚያ ሁሉ የምርት ዘፈኖች መሃል ታዲያ አንዲት የፍቅር ዘፈን ነበረች። ካድሬው እንዴት እንዳሳለፋት እስከ ዛሬ አይታወቅም። "ፈረቃ" የሚል ቃል ስላለባት የሥራ ዘፈን መስላው ይሆናል።

ዘፈኗ የወንድና የሴት ቅብብል ናት። የቡድኑ ዘፋኝ ወልደሚካኤል የአቃቂ ወንዝ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው ሆኖ ይጠይቃል፦

ፈረቃሽ አለቀ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣
ድልድዩ ላይ ልቁም ወይ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ?

እዚህ ላይ የካሴቱ አንደኛ ፊት ያልቃል። ዘፈኗ ረጅም ስለነበረች አልበቃትም። መልሱ በሁለተኛው ፊት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያለ አንዳች መግቢያ፣ በበላይነሽ ድምፅ፦

ቁምም አልልህም፣ ሂድም አልልህም፣
ድልድዩን አውቃለሁ፣ መንገድ አልስትም።

በሠራተኞቹ ሰፈር ይህቺ ካሴት ስትከፈት አንድ ወግ ነበር። ጥያቄው አልቆ ቴፑ "ቀጭ" ሲል ቤቱ በሙሉ ዝም ይላል፤ ወዲያው ከጥግ አንዱ "ቶሎ በል፣ ሰውዬው ድልድይ ላይ ቆሟል!" ብሎ ይጮሃል። የሚገለብጠው ሰው እጁ ካልፈጠነ ስድቡን ይጠጣል። ፍቅሩን በፍጥነት የሚያህለው አልነበረም። ካሴቱን አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ ከትቶ፣ ሰው ሁለተኛ ትንፋሽ ሳይስብ በላይነሽ መልስ ላይ ትሆናለች። ከዚያ ፊቷን ሳያይ ወደዳት፤ አይቷትም ባሰበት። "ፍቅሩ ሚስት ያገባው ካሴት በመገልበጥ ነው" እያሉ ሲስቁበት ኖረዋል፣ ውሸትም አይደለም።

ዓመታት አለፉና ካሴቱ ያለው እሱ ጋ ብቻ ሆነ። የሌላው ሰው ተበጠሰ፣ ሻገተ፣ ወይ የልጆች መጫወቻ ሆነ። ፍቅሩ ግን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። በላይነሽ ድምፅዋን ካጣች በኋላ አንድ ቀን "እስቲ አሰማኝ" ብላው ነበር።

"ክሩ አርጅቷል፤ ቴፑ ቢያኝከውስ?" አላት።

ሁለተኛ የጠየቀችው ሊዲያ የምትባለዋ ልጅ ካሴቱን ልትወስድ በምትመጣበት ዋዜማ ነው። ሊዲያ የድሮ ዘፈኖችን በሸክላ እያሳተመ ለሰብሳቢዎች ለሚሸጥ የውጭ ድርጅት የምትሠራ ትሁት ልጅ ነች፤ የፋብሪካውን ካሴት ወሬ ሰምታ ራሷ ነበረች ፍቅሩን ፈልጋ ያገኘችው። ያን ምሽት በላይነሽ የባሏን ክንድ ይዛ "ከመሄዱ በፊት አንዴ ብቻ" አለችው፣ በዚያች ሹክሹክታዋ።

"በላይዬ፣ አሁን ቢበጠስ አለቀልን። ታገሺ። ሸክላው ሲመጣ ጥርት ብሎ ትሰሚዋለሽ።"

እሷም ታገሰች። የመካኒክ ሚስት አይደለች፤ ስለ ማሽን የሚለውን ታምነዋለች።

እንግዲህ ሸክላው መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የድሮ የፋብሪካ ሰዎች ተጠርተው ሳሎኑ ሞላ። ወልደሚካኤል ራሱ ከሳሪስ አቦ በምርኩዙ መጣ፤ ፀጉሩ አልቆ፣ ሱፉን ለብሶ። ማጫወቻውን ሊዲያ አብራ ልካዋለች። ሶሊያና፣ የልጃቸው ልጅ፣ የሴት አያቷን ድምፅ ከሹክሹክታ በላይ ሰምታ አታውቅም፤ ኦፕሬሽኑ ሲደረግ ገና ጨቅላ ነበረች። ስልኳን ለመቅረጽ አዘጋጅታ ከአያቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

ሽፋኑ ወፍራምና ያማረ ነበር። ፎቶው ላይ በላይነሽ ማይክ ፊት ቆማ፣ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ወጣት ሆና። ሁሉም እየተቀባበለ ሳመው። ሶሊያና ከውስጡ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ቆየችና "አባባ፣ እማዬን ተወዛዋዥ ነው የሚላት እኮ" አለች።

"የፈረንጅ ስህተት ነው፤ ተዪው" አላት ፍቅሩ።

መርፌዋን አሳረፈ። ድምፁ እውነትም ጥርት ያለ ነበር። ከበሮው ሲገባ አሮጊቶቹ እስክስታ ሞከሩ፣ አንዷ ወገቧን ይዛ ተመለሰች። የወልደሚካኤል የጎረምሳ ድምፅ ሲወጣ ሽማግሌው ወልደሚካኤል ምርኩዙ ላይ አገጩን አስደግፎ አይኑን ጨፈነ። ዘፈኗ ወደ ጥያቄዋ ስትጠጋ በላይነሽ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፤ እንግዳ ሊገባባት እንደሆነ ሁሉ።

ድልድዩ ላይ ልቁም ወይ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ?

ሸክላው ጸጥ አለ። ቤቱም ጸጥ አለ። ከዚያ ከበር አካባቢ አንዱ፣ ያቺን ለስንት ዘመን ያልተባለች ቃል አወጣት፦ "ፍቅሩ ቶሎ በል፣ ሰውዬው ድልድይ ላይ ቆሟል!"

ሳቁ ጣራውን አነሳው። ፍቅሩም እንባና ሳቅ ተቀላቅሎበት፣ በነዚያ በደነደኑ ጣቶቹ ሸክላውን እንደ ድሮው በፍጥነት ገለበጠና መርፌዋን አሳረፈ።

የወጣው ስለ ምርት የሚዘፈነው የኅብረት መዝሙር ነበር።

"ቀጥሎ ይሆናል" አለ ፍቅሩ። መርፌዋን አንስቶ ወደ ውስጥ ገፋት። ሌላ መዝሙር። እንደገና ገፋት። የዘመቻ ዘፈን። እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፣ ሸክላውን ገልብጦ ያኛውንም ፊት አሰሰ። ሶሊያና የስልኳን ቀረጻ ቀስ ብላ አጠፋች።

ወልደሚካኤል አይኑን ገለጠ። የራሱን ድምፅ ሰምቶ የተደሰተበት ደስታ ገና ፊቱ ላይ ነበር፤ የሚያደርግበት ቢያጣ አንገቱን ደፋ። "በላይዬ" አላት፣ "ጠይቄሽ ቀረሁ እኮ።"

በላይነሽ ተነሥታ ዳቦውን መቁረስ ጀመረች። ለሁሉም አዳረሰች፣ ለወልደሚካኤል ከመሃሉ ለስለስ ያለውን መርጣ ሰጠችው። ሰዎቹም በሉ፣ መረቁ፣ "ሽፋኑ መቼም እንዴት ያምራል" እየተባባሉ በጊዜ ወጡ።

በማግስቱ ፍቅሩ ስልክ ደወለ። ሊዲያ መጀመሪያ አልገባትም፤ ዘፈኗ ሙሉ መስላት ነበርና። ጠይቃ ልትደውልለት ቃል ገባች። እስክትደውል ድረስ ፍቅሩ ቤት መቀመጥ አቃተው። ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ያሉበት ሁሉ ሄደ። አንዲት የፈትል ክፍል ሴት ካሴቱ አላት ተብሎ ደስ ብሎት ሮጠ፤ ካሴቱ በርግጥ ነበር፣ ግን ልጇ የእህቱን ሠርግ ቀድቶበታል። ሴትየዋ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሁሉ ሠርጉን እስከ መጨረሻው አሰማችው። እልልታ ብቻ ነው።

ሶሊያና ደግሞ አያቷን ያስደሰተች መስሏት ሰብሳቢዎቹ ስለ ሸክላው የጻፉትን ከኢንተርኔት እየተረጎመች አነበበችለት። አንዱ የሽፋኑ ጥግ ታጥፎ ደረሰኝ ብሎ ያማርራል። ሌላው የወረቀቱ ቀለም ደብዝዟል ይላል። ጎደለ ያለ አንድም ሰው የለም፤ መኖሩን በምን ያውቃሉ? እንዲያውም አንደኛው ያቺን ዘፈን ከሁሉ አብልጦ አመስግኗታል። ያለ መልስ መቅረቷ ነው ውበቷ፣ ብሏል።

ፍቅሩ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሣ፤ መልሶም ተቀመጠ። የሚሰድበው ሰው አጣ። ሰውዬው እኮ ወዶ ነው ያመሰገነው።

ሊዲያ የደወለችው ሐሙስ ነው። ድምፅዋ ላይ እንባ ነበረባት።

"ጋሽ ፍቅሩ፣ እንዴት እንደምነግርዎት አላውቅም። የሚቀዳው ሰው ሁለተኛው ፊት ላይ መልሱን ያለ መግቢያ ጀምሮ ሲያገኘው፣ ሌላ ነገር ተቀድቶበት የተረፈ የድሮ ዘፈን ቁራጭ መስሎት ነው። ቆርጦ ጣለው። ኮምፒውተሩም ላይ አላስቀመጡትም።"

"ካሴቱስ? ካሴቱን ብቻ መልሱልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ቢሮ ሲቀይሩ የተቀዱትን ካሴቶች አስወግደዋቸዋል። ስህተቱ የእኛ ነው፣ ጋሽ ፍቅሩ። ሌላ እትም ቢሠራ የባለቤትዎን ስም አስተካክለን..."

"እሺ ልጄ" አላት። ልጅቷን ምን ይበላት? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ቤት ሲገባ በላይነሽ በረንዳው ላይ የታጠበ ልብስ ታሰጣለች። ፊቱን አየችና የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። እሱም ከጎኗ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ ቁራጭ መስሏቸው እንደጣሉት፣ ካሴቱም እንደሌለ። ነግሮ ሲጨርስ ጠበቀ። "አንዴ ብቻ አሰማኝ ብዬህ አልነበረም?" እንድትለው ነው የጠበቀው። ብትለው ይቀልለው ነበር፤ ቢያንስ ጉልበቷ ላይ ወድቆ ይቅር በዪኝ ለማለት መንገድ ያገኝ ነበር። እሷ ግን አላለችም። ምን ያህል እንደጓጓች አላውቅም ነበር እንዳይላት ደግሞ ያውቅ ነበር፤ አውቆ ነው የከለከላት።

"እኔ ነኝ" አላት በመጨረሻ። "ፈረንጁ አይደለም። ለምነሽኝ የከለከልኩሽ እኔ ነኝ።"

በላይነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺም እምቢም ያልሆነ አነቃነቅ። ከዚያ ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ፣ "አንተ ታውቀው የለ? በለው" አለችው።

"ምኑን?"

"መልሱን።"

ፍቅሩ ዕድሜ ልኩን ዘፍኖ አያውቅም። ለመካኒክ ዘፈን ምን ያደርግለታል? የእሱ ሥራ መገልበጥ ነበር። ቢሆንም ጉሮሮውን ጠረገና፣ በሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ድምፅ ጀመረ። *ቁምም አልልህም...* ከታች ያለፈ ሰው ቀና ብሎ አየው። *ሂድም አልልህም...* አንድም ቃል አልሳተም። ዜማው ግን ከአፉ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆነ።

በላይነሽ አይኗን ጨፍና ትሰማዋለች። "ድልድዩን" የሚለው ጋ ሲደርስ እጇን አነሣች። እዚያ ላይ ዜማው ከፍ ይላል፤ እሷ ያኔ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ እስኪቀር የወጣችበት ቦታ ነው። ፍቅሩ ሞከረ። ድምፁ ተሰነጠቀ። አንገቷን ነቅንቃ እጇን ከፍ አደረገችው፣ "ወደ ላይ" እንደማለት። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ተሰነጠቀ። እሷ አይኗን ሳትገልጥ እጇን የበለጠ ከፍ አደረገችው፣ ከራሷም በላይ፣ ቦታውን ልታሳየው፤ እዚያ ነበርኩ ልትለው።

ፍቅሩ እጇ ያለበትን አየ። እዚያ ድረስ መድረስ አልቻለም። እሷ ግን እጇን አላወረደችም፤ አየር ላይ እንደያዘችው ትጠብቀዋለች።