ሳይጠይቁ መቀየር

ኤልቢዮ በየተራ የሚጠጡበትን የማቴ ሻይ ቅል ለዙልማ መልሶ «አመሰግናለሁ» ሲላት የመጀመሪያው ዙር ገና አላለቀም ነበር። በዚህ ቢሮ ቅሉን ሲመልስ የሚያመሰግን ሰው በቃኝ ማለቱ ነው።

«ምነው? ሆድህን ነው ያመመህ ወይስ ኮምፓይለሩን?» አለችው።

«ኮምፓይለሩን።»

ዙልማ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ሥራቸው ለሆስፒታል የመድኃኒት ፓምፖች የሚጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠውን ኮምፓይለር ማሻሻል ነው። ኮምፓይለሩ የሚደርሰውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያውቀው በወል ስሙ፣ «ትእዛዝ» ብሎ ብቻ ነው። አንዱ ትእዛዝ ማካፈል፣ ሌላው ጥሪ፣ ሌላው ማነጻጸር ይሆናል። በውስጡ የያዘውን ለማየት ግን ከወል ዓይነቱ ወደ ንዑስ ዓይነቱ መቀየር ግድ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው «ማካፈል ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልሆነ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለተኛው አይጠይቅም፤ «ማካፈል ነህ» ብሎ ይደመድማል። ይህን ድምዳሜ የሚጠብቅ ዘበኛ አለ፤ ስህተት ካየ ሥራውን ሁሉ ያስቆማል። ዘበኛው የሚቆመው ግን ለሙከራ በሚዘጋጀው የኮምፓይለሩ ቅጂ፣ «የመሞከሪያ ግንባታ» በሚሉት ላይ ብቻ ነው። ለደንበኛ ከሚላከው ግንባታ ለፍጥነት ሲባል ይነሳል፤ ያኔ ጥሪው እንደ ማካፈል ይነበባል፣ ማንም ምንም አይልም።

ኤልቢዮ ከአምስት ሳምንት በፊት በጻፈው አንድ የኮድ መስመር ላይ ሁለተኛውን መንገድ ተጠቀመ። እዚያ መስመር ላይ ከማካፈል በቀር የሚደርስ እንደሌለ እርግጠኛ ነበር። የመሞከሪያው ግንባታ አርባ ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ ሁሉም እንደሚያደርገው ፈተናውን ለደንበኛ በሚላከው በፈጣኑ ግንባታ ላይ አስኬደው። ፈተናው በሙሉ አለፈ።

ዛሬ ለሌላ ጉዳይ የመሞከሪያውን ግንባታ ቢያስነሳው፣ ያቺው መስመር ላይ ደርሶ ቀጥ አለ።

ዙልማ ወንበሯን ስባ ተጠጋች። «የትኛው የፓምፑ ክፍል ነው?»

«የጠብታውን ፍጥነት የሚያሰላው። መቶ ዓይነት መጠን አስገባሁበት። ዘጠና ስምንቱ ልክ ነው።»

«ሁለቱስ?»

«አሥር እጥፍ።»

ዙልማ ተነሥታ አለቃቸውን ሚርታን ጠራቻት። ሚርታ ቆማ አዳመጠች።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለ ኤልቢዮ።

«ማን አይቶ አሳለፈው?»

«እኔ» አለች ዙልማ።

«ጥሩ፣ ፍለጋ አተረፋችሁልኝ። ደንበኛ ዘንድ ደርሷል?»

«ሳን ኤሊሴዮ ሆስፒታል ባለፈው ሐሙስ ጭኗል። አራት ፓምፕ ላይ።»

«ደውል። ለአስተዳደሩ እንዳይሆን፤ አልጋ አጠገብ ላለ ሰው።»

ስልኩን ያነሣችው ዶና ኔልባ የምትባል ነርስ ነበረች። ኤልቢዮ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ነገሩን አስረዳት።

«ፓምፖቹ እኮ ምንም አልጮኹም፣ ልጄ።»

«አይጮኹም። ችግሩም እሱ ነው። እባክዎ አሁኑኑ ያጥፏቸውና ጠብታውን በእጅ ይቆጣጠሩ።»

ጫማዋ ወለሉን እየመታ ሲርቅ ተሰማው። ከዚያ በር፣ ከዚያ ሌላ በር። ተመልሳ ስልኩን ስታነሣ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር።

«ሦስቱን አጥፍቻለሁ።»

«አራተኛውስ?»

«እዚህ የለም። ደም ግፊቷ አልወርድ ያለ አንዲት አራስ ነበረች፤ ከነፓምፑ በአምቡላንስ ወደ እናንተ፣ ወደ ሞንቴቪዴዮ ሄዳለች። አንድ ሰዓት ሆኗታል።»

«እስካሁን ስንት ነው የምትወስደው?»

ወረቀት ገለጠች። ቁጥሩን ነገረችው። ልክ ከሆኑት ዘጠና ስምንቱ መካከል ነበር። ኤልቢዮ አየር ሳበ።

«ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን ይለወጣል» አለች ዶና ኔልባ። «ሐኪሙ አስቀድሞ ሞልቶታል፤ ፓምፑ ራሱ ነው የሚቀይረው።» አዲሱንም ቁጥር ነገረችው።

ይኸኛው ከመቶዎቹ መካከል አልነበረም። የግድግዳው ሰዓት ለስምንት አሥራ አንድ ደቂቃ ጉዳይ ይላል። ቁጥሩን አስገባ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ እንደ ሌሎቹ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ፣ ረጋ ብሎ።

አሥር እጥፍ።

«ምን አለ?» አለች ነርሷ።

«የሾፌሩን ስልክ ይስጡኝ።»

«እሰጥሃለሁ፤ ኮረብታዎቹን እስኪያልፍ ግን ኔትወርክ የለም፣ ልጄ።»

ሚርታ ጀርባዋን ሰጥታው በራሷ ስልክ ለመንገድ ፖሊስ አምቡላንሱን እንዲያስቆሙ መናገር ጀምራ ነበር። ዙልማ የሾፌሩን ቁጥር መዳፏ ላይ ጻፈችና ደወለች። አንዴ አዳመጠች፣ ዘጋች፣ እንደገና ደወለች።

«ይጠራል?» አለ ኤልቢዮ።

ራሷን ነቀነቀች፤ አይጠራም። ጣቷ ግን አሁንም መደወያው ላይ ነበር።