የአባባ ሁለት ጋት

ተመራማሪዋ አረጋውያን ደረጃ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ስድስት ዓመት አጠናች። ለካስ የእርከኖቹ ከፍታ እኩል ስላልሆነ ነው። ጥናቷ ታተመ፣ ተጨበጨበለት፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለበሰ። ሰው መውደቁን መች ተወ!

አንድ እሑድ እየተበሳጨች ለግንበኛ አባቷ አነበበችለት።

«ጎበዝ ልጄ» አላት። «ግን ይሄ እርከኑ መቶ ስልሳ ሚሊሜትር ይሁን የምትዪው ስንት ጋት ነው? እኛ እኮ በዚህ ነው የምንለካው» ብሎ አራት ጣቱን ገጥሞ አሳያት።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ግንበኛ አልጠየቀችም፤ ያውም እቤቷ እያለ። አፈረች። ሲሚንቶ የሰነጣጠቀውን እጁን ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፈችና ከሥሩ «እያንዳንዱ እርከን የዚህ እጅ ሁለት ጋት ይሁን» ብላ ጻፈች።

ወረቀቱ ለግንበኞች እንዲታደል ስትጠይቅ የምትሠራበት የትምህርት ክፍል ኃላፊ አገላብጦ አየው።

«ጥሩ ነው። ምንጩን ግን አልጠቀስሽም። የማን እጅ ነው?»

«የመጀመሪያዬን ደረጃ እጄን ይዞ ያወጣኝ እጅ ነው» አለችው።

ኃላፊው የራሱን አራት ጣት ሥዕሉ ላይ አሳርፎ ለካ። ከዚያ «ሺህ ኮፒ ይታተም» ብሎ ፈረመ።