ከወንጀል ነፃ ለመሆን የከፈልኩት መሥዋዕትነት

ከወልዲያ እስከ ተከዜ የማያውቀኝ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ሰቆጣ የገባሁት በ1983 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በዋግ ምድር ሱሪ የታጠቀ ወንድ ሁሉ ልኩ በእጄ ነው። የስፌት መኪናዬ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ነው፤ ከፊቷ አግዳሚ ወንበር አለች። ሱሪው እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከሰማንያ ሦስት በፊት ምን እሠራ እንደነበር የሚያውቅ ከሚስቴ በቀር እዚህ ስላልነበረ፣ እኔው ነገርኳቸው። ሁሉን አይደለም፤ ጥቂቱን ነው። በደርግ ጊዜ የእስር ቤት ጣሪያ ነቅዬ ማምለጤን፣ ሰሃላ በረሃ ሁለት ዓመት መሸፈቴን፣ ከፃግብጂ ሃያ በቅሎ በአንድ ሌሊት ነድቼ ተከዜን ማሻገሬን። ሃያ ያልኩትም ሰው እንዳይደነግጥ ቀንሼ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ለሚስቴ ለማንጠግቦሽ ዲቪ ደረሳት። ፎርሙን የሞላችው እሷ ናት፤ ዕጣው የወጣው ግን የባልየውን ስም አይተው መሆኑን አልጠራጠርም። ኤምባሲው ለግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀጠረን። ከምንይዛቸው ወረቀቶች አንዱ ሁለታችንም ከወንጀል ነፃ መሆናችንን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ነበር።

የማንጠግቦሽ በግማሽ ቀን አለቀ። እኔ ስገባ ኢንስፔክተር ገበያው መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወፍራም ፋይል ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኢንስፔክተሩ ልጅ እግር ነው። የዩኒፎርሙን ሱሪ የማሳጥርለት እኔ ነኝ፤ አግዳሚዋ ላይ ሆኖ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠኝ፣ ምን ዓይነት አስተዋይ ልጅ ነው እል ነበር። ለካ ቢሮው እየተመለሰ ይጽፈው ኖሯል።

«ጋሽ ፋንታሁን፣» አለኝ፤ «ከሰማንያ ሦስት በፊት ስላለው ዘመን እጄ ላይ ያለው ፋይል አንድ ብቻ ነው። እሱም የእርስዎ ነው።»

«ማን ከሰሰኝ?»

«እርስዎ ራስዎ።» ገጽ ገለጠ። «የእስር ቤቱን ጣሪያ በጥርሴ ነቅዬ ወጣሁ፣ ይላል።»

«በጥርሴ አላልኩም።»

«ጥቅምት ሰባት ቀን፣ ቁልፍ ሲተክሉልኝ ብለዋል።»

«እሺ፣ ጨዋታ ነው ብለህ ጻፍልኛ።»

«ባለቤቱ አደረግኩ እያለ እኔ አላደረገም ብዬ ማኅተም አልመታም። ውሸት መሆኑን የሚመሰክር ሰው ያምጡ። ሚስትዎ ብቻቸውን አይበቁም፤ አብረው ተጓዥ ናቸው።»

ቤቴ ገብቼ ለማንጠግቦሽ ነገርኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰሏን አላቆመችም።

«ስምንት ቀን አለህ፣» አለች። «ካገኘህ አብረን እንሄዳለን። ካላገኘህ እኔ እሄዳለሁ፤ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ሽፍትነቱ እንዴት ነው ብዬ።»

ስቃ ብትናገረው ይሻለኝ ነበር። አልጋው ላይ ያለውን ሻንጣ አየሁት፤ ግማሹ ባዶ ነው። ባዶው የኔ ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ጎረቤቴ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ጠላ ቤት ነው።

«እትዬ፣ ውሸታም ነኝ ብለው ይመስክሩልኝ።»

«ውይ፣ እኔ አላደርገውም፣» አሉኝ። «ጎረቤቴ ሽፍታ ነው ብዬ አሥራ ሦስት ዓመት በሬን ሳልቆልፍ ተኝቻለሁ። አንተን ውሸታም ካልኩ ነገ ሌባው ማንን ይፈራል?»

ሌላውም እንደዚያው ነው። አንዱ ውሸታም ብለው ይሸፍትብኛል ብሎ ይፈራል፤ አንዱ ለልጆቹ ያወራውን ጀብዱዬን ውሸት ነበር ማለት ያፍራል። ስምንቱ ቀን ወደ ሦስት ሲወርድ መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። መሪጌታ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣

«አውጫጭኝ ይጠራ፣» አሉ።

አውጫጭኝ ማለት በድሮው ጊዜ ከብት ሲጠፋ አገር ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ ሳይመለስ የሚቀመጥበት ሸንጎ ነው።

«እሱ እኮ የሰረቀውን ለማውጣት ነው፣ የኔታ።»

«ዘንድሮ ደግሞ ያልሰረቀውን እናወጣለን።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ሕዝቡ ተሰበሰበ። አምስት ሺህ ሰው ቢሆን ነው፤ ማንጠግቦሽ ስልሳ ነው ትላለች። ኢንስፔክተሩ ፋይሉን፣ ማኅተሙንና የአሻራ ቀለሙን ይዞ መጣ። መሪጌታ ተነሡ።

«ፋንታሁን ይህን ሁሉ አላደረገም የሚል ይናገር።»

ማንም አልተናገረም። እንዲህ የተፈራ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔም ራሴን ፈራሁት።

በመጨረሻ ከፃግብጂ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ አያ ዋሴ፣ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። የመጡባት በቅሎ ከአጥሩ ጥግ ታስራለች። ተስፋዬ ለመለመ።

«በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣» አሉ፤ «ግንባረ ቦቃ በቅሎ ጠፍታብኛለች። ከሃያዎቹ አንዷ እሷ ናት። የት አደረስካት?»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አወጣ። ያኔ ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች።

«አያ ዋሴ፣ ይህ ሰው እኮ በቅሎ ይፈራል። የሰርጋችን ዕለት ሙሽራው በበቅሎ ይምጣ ቢሉት እምቢ ብሎ በእግሩ መጣ። ሚዜው በቅሎዋ ላይ ስለነበር አገሩ ሁሉ እልል ያለው ለሚዜው ነው። እናቴ ሚዜውን ስማ ከጨረሰች በኋላ ነው ሙሽራው ያኛው ነው የተባለችው።»

ሚዜዬ እግሩን አሞት ስለነበር ነው ያስቀመጥኩት። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ኢንስፔክተሩ ቀደመኝ።

«የተጓዥ ቃል ብቻውን አይበቃም ብያለሁ። ግን ይሞከር። ሃያ የነዳ ሰው አንዷን ይያዝ።»

አያ ዋሴ በቅሏቸውን ፈትተው ይስቡ ጀመር።

እዚህ ላይ አንባቢ ጭንቀቴን ይረዳልኝ። በቅሎዋን ከያዝኳት፣ መቼም መያዝ አያቅተኝም፣ ማንጠግቦሽ ብቻዋን ትሄዳለች። ካልያዝኳት አሥራ ሦስት ዓመት የገነባሁት ስም ይፈርሳል። ማንጠግቦሽን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች። ለመፍራት ወሰንኩ።

መፍራት ላልለመደ ሰው ከባድ ሥራ ነው። በቅሎዋ አምስት ክንድ ያህል ስትቀርብ ጆሮዋን አጋድማ አፍንጫዋን ነፋች። እኔም ማስመሰሌን ጀመርኩ። ጉልበቴን አንቀጠቀጥኩ። ላብ አወጣሁ፤ ሲፈልግ ላብ ማውጣት የሚችል ሰው በኢትዮጵያ ከኔ ሌላ ካለ ይንገሩኝ። አንድ እርምጃ ስትጨምር ወይራው ላይ ነበርኩ። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፤ ጫማዎቼ ግን ከታች ጎን ለጎን ቆመው ቀርተዋል።

ሸንጎው በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ሳል በሳል ሆኑ። «ለካ በሬን መቆለፍ ነበረብኝ፣» ይላሉ ወለተ ሰንበት። አያ ዋሴ በዋግ አገው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ኽምጣኛ እንደማላውቅ ሆኜ አሳለፍኩት። ከዚያ በአማርኛ፣

«ተውት፤ ይህስ የዶሮም ሌባ አይሆንም፣» አሉ።

ኢንስፔክተር ገበያው ፋይሉን ዘጋ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ፣ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«ጋሽ ፋንታሁን፣ ይውረዱ። የአሥር ጣት አሻራ ቀርቷል።»

«እዚሁ አምጣው።»

በቅሎዋ ከሥሬ የወደቀ ቅጠል ትለቅማለች። ኢንስፔክተሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ ቀለሙንና ወረቀቱን አቀበለኝ። የቀኝ እጄ አምስት ጣት ወዲያው አለቀ።

«ግራ እጅ።»

ግራ እጄ ቅርንጫፉን ይዟል። «አምስቱ ይበቃል፣» አልኩ።

«አምስት ጣት የያዘ ወረቀት እኔ አልሰጥም።»

ማንጠግቦሽ መጣች። በቅሎዋን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ከሥሬ ቆመችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ፋንታሁን።»

«አቤት።»

«ልቀቀው። እኔ አለሁ።»

ለቀቅኩት። በዲቪ የሄደ ሰው ብዙ ነው፤ ዛፍ ላይ ሆኖ፣ ግንዱን በሁለት እግሩ ብቻ አቅፎ፣ አምስት ጣቱን አንድ በአንድ የሰጠ ግን ኤምባሲው ቢፈልግ አያገኝም። የቀለበት ጣቴ አሻራ ትንሽ ነቅነቅ ብሏል፤ ነፋስ ነበር።

ማንጠግቦሽ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ እጥፍ አድርጋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«በል ውረድ፣» አለችኝ። «አውቶቡሱ ነገ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል። ሁለት ወንበር ልያዝ።»

«መጀመሪያ በቅሎዋን ይውሰዷት፣» አልኩ።

ለራሴ ብዬ አይደለም። እኔን የሚያህል ሰው ከዛፍ ሲወርድ ብታይ ትደነግጥ ነበር።