መውጣቷ ነው መግባቷ?

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባለታክሲው ከፍሬም ቤቱ ፊት ለፊት ሲቆም የመንገዱ ባለሱቆች ሰዓታቸውን በእሱ ያስተካክሉ ነበር ቢባል፣ ማጋነን ሳይሆን አሳንሶ መናገር ነው። ታክሲዋ አሮጌ ናት፤ ግን ከመታጠቧ ብዛት ዝንብ ላርፍባት ቢል ተንሸራትቶ ወገቡ ይቀጫል። በመጠበቅ ደግሞ የሰውዬውን ያህል የሚችል ሹፌር ገና አልተወለደም። ሐውልት እንኳ ከእሱ ጋር ጠብቅ ቢባል፣ መምሸት ሲጀምር እግሩን ማፍታታቱ አይቀርም።

የሚጠብቀው ሚስቱን ነበር።

ሚስቱ ረቡዕ ረቡዕ በፍሬም ቤቱ የኋላ ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ሥዕል ታያለች። ደንበኛ ሥዕል ሲያመጣ፣ ፍሬም ሠሪው መስታወቱን ከመግጠሙ በፊት ወዳጆቹን ይጠራል። «መስታወት ከለበሰ የባለቤቱ ነው፤ እስኪለብስ ድረስ የእኛ ነው» ይላል። ባለቤቶቹ ግን ይህን ሕግ አያውቁትም፤ እንዲያውቁትም አይፈለግም። ሰጋቱራውን ከጠረጴዛው ላይ በክንዱ ጠርጎ፣ ሥዕሉን ከሙጫው ቆርቆሮ ጋር አስደግፎ ያቆመዋል፤ ከዚያ ጨዋታ ይጀመራል።

ከወዳጆቹ አንዷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። የከተማውን ግማሽ ሕዝብ ያዋለድኩ እኔ ነኝ ትላለች፤ የቀረው ግማሽ ያለእሷ እንዴት እንደተወለደ እስከ ዛሬ ይገርማታል። ሌላው በቅጥነቱም በምላሱም «መርፌ» የተባለ ልብስ ሰፊ ነው። ሦስተኛዋ የባለታክሲው ሚስት ነበረች፤ ጓደኞቿ «ሬዲዮ» ይሏታል። ለምን እንደሆነ ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የራስህን ዓይን ያየውን ትናገራለህ፣ ከዚያ በኋላ የሰው ትሰማለህ። በሰው ዓይን ማየት እዚያ ከኪስ ማውለቅ አይለይም። የተከራከሩበትን ነገር ደግሞ ዝም ብለው አይተዉትም። አንድ ጊዜ በአንዲት ጀልባ ሥዕል መግባባት ቢያቅታቸው፣ መርፌ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ስለ ጀልባ ሸራ ያልገለበጠው መጽሐፍ አልቀረም። ሲመለስ የቀረው ነገር መርከብ ስጡኝ ልንዳ ማለት ብቻ ነበር።

«አንተስ አትገባም?» ትለው ነበር ሚስቱ ከመኪናው ስትወርድ።

«ሥዕል ምኑ ይነዳል?» ይላል ባለታክሲው፤ መቀመጫውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ።

እውነቱን ለመናገር ግን ዋናውን ነገር የሚያገኘው እሱ ነበር። ስትመለስ ገና በሩን ሳትዘጋ ትጀምራለች። ቀለሙን፣ ሰዎቹን፣ ማን ምን እንዳለ፣ መርፌ እንዴት እንደተናደደ፣ ሁሉንም እየተረከች ቤት ይደርሳሉ። ባለታክሲው በዚያች ከተማ ከማንም በላይ አቋራጭ ያውቃል፤ ረቡዕ ማታ ግን አቋራጭ የሚባል ነገር ከአእምሮው ይጠፋል። በገበያው በኩል ይዞራል፣ በድልድዩ በኩል ይዞራል፣ ሌላ ሰው ቢሆን ለሂሳብ ነው ይባል ነበር። አንድም ሥዕል በዓይኑ ሳያይ አንድ ሙዚየም ሙሉ በጆሮው ገብቶለታል።

በመጨረሻው ረቡዕ የተረከችለት ስለ አንዲት ሴት ነው። ሴትየዋ በር ላይ ቆማለች፤ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጪ። «ሥዕሉ ብታየው ይሄን የሚያህል ነው! የጋራዥ በር ያክላል!» አለችው፤ እጆቿን ዘርግታ የፊት መስታወቱን ልትነካ ምንም አልቀራት። ክርክሩ ሴትየዋ ልትወጣ ነው ወይስ ልትገባ የሚል ነበር። መርፌ ልትገባ ነው ብሎ ድርቅ አለ። አዋላጇ ልትወጣ ነው አለች። ፍሬም ሠሪው ለማንም ሳያደላ መሐል ሰፈረ።

«አንቺስ ምን አልሽ?» አላት።

«እሱን ነገ እነግርሃለሁ። ዛሬ እንዴት እንደደከመኝ!»

ሬዲዮ ደክሞት አያውቅም። ይህን ያኔ ማስተዋል ነበረበት፤ ግን ትራፊክ መብራት ላይ ነበሩ። ሌሊቱን ልቧ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ባለታክሲው ሰው ያደርሳል፣ ሰው ይመልሳል፣ ሰላም ሲሉት ሰላም ይላል። ረቡዕ ሲሆን ግን ያው ቦታ ይቆማል። ሞተር ያጠፋል፣ ይጠብቃል፣ ሲመሽ ያስነሳና ይሄዳል። ከውስጥ በመስኮት ያዩታል። መርፌ እንኳ ምላሱ ታስሮ ባየው ቁጥር ክር መርፌ ውስጥ እንደሚያስገባ ሰው ዓይኑን ያጠባል።

አንድ ረቡዕ አዋላጇ ትዕግሥቷ አለቀ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ የፊት ወንበሩን አልነካችም፣ ከኋላ ገባችና በሩን ድርግም አደረገችው።

«ወንድምዓለም፣ እስከ መቼ ነው?»

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ይሄ ነዋ! ምጥ ይዟት አልወልድም እንዳለች ሴት እዚህ ተገትረህ የምትውለው!»

ባለታክሲው መሪውን ያዘ። መኪናው ቆማለች፤ እሱ ግን ጠበቅ አድርጎ ነው የያዘው። «አንድ ነገር ሳትነግረኝ ነው የሄደችው» አለ። ከዚያ በሩ ላይ ስለቆመችው ሴት፣ «ነገ እነግርሃለሁ» ስላለችው ሁሉ ተናገረ። ለብዙ ሳምንት ያጠራቀመው ቃል አንዴ ሲለቀቅ ታክሲዋ ሞልታ መስኮት መክፈት አስፈለገ።

«ታዲያ ገብተህ አትጠይቀንም? ምን እንዳለች ሦስታችንም እናውቃለን እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እና ከነገራችሁኝ በኋላስ?» አለ፤ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያያት። «ያቺ መልስ ናት የቀረችኝ። ከሚስቴ አፍ ገና ያልሰማኋት አንዲት ነገር እሷ ብቻ ናት። ከሰማኋት አለቀ። ከሬዲዮ ሌላ አዲስ ነገር አይመጣም።»

አዋላጇ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲያለቅስ ያየች፣ ራሷ ግን እንባ የሚባል ነገር ለሥራ አይመችም ብላ የተወች ሴት ናት። ቢሆንም መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዋን እስከ ታች ማመሷ አልቀረም። ካጣች በኋላ በመዳፏ አበሰችና ድምፅዋን አጠነከረች።

«ቢሆንም ዝም ብዬ አልነግርህም። ደንቡን ታውቀዋለህ። መጀመሪያ አንተ ታያለህ።»

«ሥዕሉ የት አለና?»

«ባለቤቱ አንድ የጥርስ ሐኪም ነው። ተራ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሰቅሎታል።»

ያን ቀን ፍሬም ቤቱ ያለሰዓቱ ተዘጋ። ፍሬም ሠሪው ሱቁን ዘግቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ቁልፉ የት እንደሚዞር ለማስታወስ ጥቂት ተቸገረ። ሦስቱም ከታክሲዋ የኋላ ወንበር ላይ እንደ ሰርዲን ተጠቀጠቁ፤ የፊተኛው ባዶውን ሄደ።

ችግር የመጣው እዚያ ሲደርሱ ነው። ካርድ የምታወጣው ልጅ ቀና ብላ አራት ሽማግሌ በአንድ በር ሲገባ አየች።

«ታካሚው የትኛው ነው?»

ሥዕል ልናይ መጣን ማለት አይቻልም። ሐኪሙ ሥዕሉ መስታወት ሳይለብስ አራት ሰው እንደተጯጯኸበት ከሰማ ፍሬም ሠሪው ደንበኛም ስምም የለውም። እርስ በርስ ተያዩ። አዋላጇ የመርፌን ወገብ በክርኗ ነካ አደረገች።

«እሱ ነው» አለች። «ጥርሱ እንቅልፍ ነስቶታል።»

«የማን ጥርስ?» አለ መርፌ።

«አየሽ፣ ሕመሙ አእምሮውን ሁሉ እያሳተው ነው።»

መርፌ ለነፍሱ የሚፈራ ሰው ነው፤ ግን ባለታክሲውን አየና አንገቱን ደፋ። «አዎ... ይሄኛው» አለ፣ ጤነኛ መንጋጋውን ይዞ። ለወዳጅ ሲባል ጦር ሜዳ የዘመቱ አሉ ይባላል፤ መርፌ ግን በሰላም አገር፣ ምንም ሳያመው፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ በፈቃዱ ወጣ። ስሙ ሲጠራ ወደ ኋላው እያየ ገባ።

ባለታክሲው በክፍሉ መሐል ቆሞ የጋራዥ በር የሚያክል ሥዕል ይፈልግ ጀመር። በግራ ግድግዳ የለም። በቀኝ የለም። ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብሎ ተመለሰ።

«የታለ?»

ፍሬም ሠሪው በጣቱ አሳየው። የጥርስ አቦራረሽ ከሚያስተምር ወረቀትና ከግድግዳ ሰዓቱ መሐል፣ መዳፍ የምታክል አንዲት የውሃ ቀለም ሥዕል ተሰቅላለች።

«ይቺ?»

«እሷ ናት።»

«ይቺ ናት የጋራዥ በር?!» አለና መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በትከሻው፣ በመጨረሻ በመላ አካሉ ሳቀ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ውሸታም! ስንቱን ዓመት... እኔ እኮ በከተማው ውስጥ ይህን ሁሉ ሥዕል የሚችል ግድግዳ ከየት ተገኘ እያልኩ ስገረም ነው የኖርኩት!»

«ያቺ የጀልባዋስ? ምን የሚያክል ነው ያለችህ?» አለች አዋላጇ።

«ማዕበሉ ጣሪያ ይነካል አለችኝ።»

«ፖስት ካርድ ነበረች!» አለ ፍሬም ሠሪው፤ ሦስቱም ወንበር ይዘው እስኪቀመጡ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ባለታክሲው ተነስቶ ከሥዕሉ ፊት ቆመ። መነጽሩን አወጣ፣ አጸዳ፣ አደረገ። ሴትየዋ ከነሻርፗ በር ላይ ናት። ከኋላዋ የመብራት ቢጫ አለ፣ ከፊቷ የምሽት ሰማያዊ። አንድ እጇ መቃኑን ይዟል። ጠጋ አለ፤ ትንፋሹ መስታወቱን ጉም አለበሰው፤ በእጅጌው ጠረገው።

«እሺ፣ ወንድምዓለም» አለች አዋላጇ ቀስ ብላ። «መውጣቷ ነው መግባቷ?»

ካርድ የምታወጣው ልጅ እንኳ መጻፏን አቆመች።

«አልወጣችም፣ አልገባችም» አለ ባለታክሲው። «ሰው በር ላይ ስጠብቅ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ይቺ ‹ደህና እደሩ› ብላ ጨርሳለች። ወሬዋ ግን አላለቀም። እጇን እዩት፤ መቃኑን እንዴት እንደያዘችው! እጅ እንዲህ መቃን ከያዘ ሹፌር ሞተሩን ማጥፋት አለበት። ሌላ የምትናገረው ትዝ ብሏት ልትመለስ ነው።»

አዋላጇና ፍሬም ሠሪው ተያዩ።

«አሁን ንገሩኝ» አለ፤ ፊቱን ሳያዞር። «ምን አለች?»

«ልትወጣ ነው አለች» አለች አዋላጇ። «በጥድፊያ ነው የምትወጣው፤ ውጪ የሚጠብቃት ሰው አለ አለች። መርፌ ‹የታለ ሰውየው? የትኛው ጥግ ላይ ነው የተሣለው?› ብሎ አፈጠጠባት። ‹አይታይም፤ ከሥዕሉ ውጪ መኪና ውስጥ ነው› አለችው። ‹እግሯን አትይ፣ እግሯ ገና ነው፤ ልቧ ግን መኪናው ውስጥ ገብቶ በር ዘግቷል› አለችው።»

ባለታክሲው መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ፍሬም ሠሪው መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«በጥድፊያ?» አለ ባለታክሲው በመጨረሻ።

«በጥድፊያ ነው ያለችው።»

«በጥድፊያ?!» ዘወር አለ፤ ዓይኑ እርጥብ ነው፣ ድምፁ ግን ከፍ ብሏል። «አንድ ቀን ተጣድፋ ወጥታ ታውቃለች? እዚያ በር ላይ ቆማ ከናንተ ጋር ስታወራ ስንት ጋዜጣ ጨርሻለሁ! ማስታወቂያውን ሳይቀር! ተሳስታለች!»

«ልቧን ነው እኮ ያለችው...»

«ልቧን ተዪው፣ እትዬ፤ እጇን እዪ! መቃኑን እዪ! ይህ የሚጣደፍ ሰው እጅ ነው?»

«እኔም ልትወጣ ነው ነው የምለው» አለች አዋላጇ፤ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጥላ ተነሳች። «ሬዲዮ ልክ ናት። ሻርፑን አላየህም? የሚገባ ሰው ሻርፕ ያወልቃል እንጂ አያጠብቅም።»

«ምን ተጠብቋል! ተንዘላዝሎ!»

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ካርድ የምታወጣው ልጅ ከጠረጴዛዋ ኋላ፤ «እኔ ቀኑን ሙሉ ከሥሯ ነው የምቀመጠው፤ ሁልጊዜ የምትገባ ነው የሚመስለኝ።»

«ነይ እስቲ፣ ልጄ፣ ነይ፤ ከዚያ ሆነሽ ምኑ ይታይሻል!» አለና ባለታክሲው ቦታ ለቀቀላት። «አይዞሽ፤ መጀመሪያ ያየሽውን ብቻ ንገሪን።»

መርፌ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ሲወጣ አራት ሰው በአንዲት መዳፍ በምታክል ሥዕል ላይ ተደፍቶ ሲጯጯህ አገኘ። ስለ ጥርሱ የጠየቀው ሰው የለም። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ አፉ ግን የእሱ አልነበረም።

ባለታክሲው አላየውም። ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ፣ ለልጅቷም ለአዋላጇም ሳይሆን ትንሽ ከእነሱ አለፍ ብሎ ለቆመ ሰው እንደሚናገር፣ «ቆይ፣ ቆይ፤ እሺ፣ ሻርፑን ላንቺ ልተውልሽ» ይል ነበር። «ይቺን እጅ ግን በምን ታስረጂኛለሽ?»