የአባቴ የወንፈል ቀን

አባቴ ይታያል ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ሞተ። ዕድሜው ወይ ሰማንያ ስድስት ወይ ዘጠና አንድ ነው። ለጤና ጣቢያው አንዱን፣ ለቀበሌው ሌላውን ነግሮ፣ እኛ ስንጠይቀው «ደስ ያላችሁን ውሰዱ» ይለን ነበር። ሞጣ ተወልዶ፣ ቢቸና አግብቶ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ማሳ ላይ ስልሳ ዓመት አርሶ አለፈ። ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንኳ ጤፉን ሲያርም ነበር። ቁጭ ብሎ ነው ያረመው፤ ግን አርሟል።

ሥራንና ጨዋታን ለይቶ አያውቅም። አጫጆች ቀትር ላይ ዛፍ ሥር ሲያሸልቡ የሁለቱን ጋቢ ጫፍ ለጫፍ ይቋጥርና «ተነሡ፣ ዝናብ መጣ» ይላል። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የጤና ባለሙያ ሊመረምረው ሲቀርብ «የኔ ልብ በቀኝ በኩል ነው» ብሎት፣ ሰውየው ሩብ ሰዓት ያህል በቀኝ ደረቱ ላይ ሲፈልግ ቆይቷል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እጁ አያርፍም። ሌላው ሳቁን ሳይጨርስ እሱ ድርሻውን አጭዶ ይጨርስ ነበር።

እኔ እዮብ፣ አንድ ወንድ ልጁ፣ ቢቸና ከተማ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ነኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሃያ ስድስቱን ዓመት የሰው መሬት በወረቀት ላይ ሳስተካክል ኖሬያለሁ። የቡድን መሪ የሆንኩ ሰሞን አባቴ፣ ቀንበር ሲያይ የሚተኛውን በሬውን «ቢሮ» ብሎ ሰየመው። «ቢሮ፣ ተነሥ እንጂ» ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ የምስቀው ግን በጥርሴ ብቻ ነበር። አባቴ በእኔ ያፍር እንደሆነ በሕይወት ሳለ አልጠየቅኩትም። ሲሞት ደግሞ የሚጠየቅ ጠፋ። ከቀብሩ ወዲህ ሲያብሰለስለኝ የከረመው ይኸው ነው።

ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ጠራኝና «ለሞጣው ምንይሉ አንድ ቀን አለብኝ። እኔ አልደርስም፤ አንተ ውልልኝ» አለኝ።

አቶ ምንይሉ የሞጣው የልጅነት ጓደኛው ናቸው። ሁለቱ ስልሳ ዓመት ሙሉ ወንፈል ሲዋዋሱ ኖረዋል። አንዱ ለሌላው አንድ ቀን ጤፍ ካጨደ፣ ያኛው በተራው መጥቶ አንድ ቀን ያጭዳል። ወንፈል የጎረቤት ነገር ነው፤ ለአንድ ቀን አጨዳ በመኪና ከቢቸና ሞጣ የሚሄድ ሰው አላየሁም። መንገድ በተዘጋባቸው ሰሞናት እንኳ ቀኑን ያራዝሙታል እንጂ አይሰርዙትም። ይህ ምን ትርጉም አለው ስለው አባቴ «ታዲያ በምን ሰበብ ልየው?» ብሎኛል።

እሺ አልኩት። ለሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል?

አርባው ከወጣ በኋላ፣ ታኅሣሥ ሲገባ፣ የሞጣው ጤፍ ደረሰ ተባለ። እኅቴ ስርጉት «አንተ ማጭድ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቃለህ? ሰው ቀጥረህ ላክ» አለችኝ። ይህን ለማለት መብት አላት፤ ከአባቴ ጋር ማሳው ላይ የቀረችው እሷ ነች። የቀን ሠራተኞች ከሚቆሙበት ቦታ ሄጄ ይታገስ የሚባል ጉልበታም ሰው ቀጠርኩ። በአጨዳው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ልንገናኝ ተስማማን። ትኬቱንም ቆርጬ ጠበቅኩት።

ይታገስ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ረዳቱ «ጋሼ፣ ይገባሉ ወይስ ይቀራሉ?» አለኝ። በማግሥቱ ስብሰባ ነበረብኝ፤ ያደረግኩትም የቢሮ ጫማ ነው። ገባሁ። ለምን እንደገባሁ እስከ ሞጣ ድረስ ራሴን ስጠይቅ፣ ያገኘሁት መልስ ትኬቱ ተቆርጧል የሚል ብቻ ነበር።

አቶ ምንይሉ በራቸው ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራስ አዩኝና «አንተው መጣህ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። ስለ ይታገስ ምንም አላነሣሁም።

በማግሥቱ ከአሥራ አራት አጫጆች ጋር ተሰለፍኩ። ገና ጤዛው ሳይደርቅ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። የእኔ ነዶ ለማሰር እንኳ አይመችም፤ አንዱ ዘለላ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። ሁለት ጊዜ ጣቴን ቆረጥኩ። ምሳ ይዛ የመጣችው የአቶ ምንይሉ ልጅ ባንቺዓለም ጨርቅ ቀዳ እያሰረችልኝ «የአያ ይታያል ልጅ መሆንህን መታወቂያ አሳይ» አለች። አጫጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ይህኛው ሳቅ ከልብ ነበር።

በምሳው ላይ ስለ አባቴ ተጫወቱ። ካቻምና መጎንበስ ሲያቅተው በርጩማ አስመጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ዙሪያውን አጭዶ ሲጨርስ «ዙፋኔን አዛውሩ» እያለ እንደዋለ ነገሩኝ። እሱን ሲያዛውሩ የዋሉት ሁለት ጎልማሶች ከእሱ ያነሰ ነው ያጨዱት አሉ። ይህን ሳልሰማ ነው የቀበርኩት። ብዙ ነገር ሳልሰማ ነው የቀበርኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ተበተነ። አቶ ምንይሉ የሰባ ሙክት በገመድ እየሳቡ ወዳለሁበት መጡ።

«ውሰደው» አሉኝ።

«የምን ነው?»

«የአባትህ ነው። ተበልቻለሁ።»

ነዶው ላይ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። አባቴ ምንም ቀን አልነበረበትም። አምና እግራቸውን ታመው ቢቸና ያልሄዱት እሳቸው ናቸው፤ ቀን ያለባቸውም እሳቸው ነበሩ።

«በመስከረም ደወለልኝ» አሉ። «‹ዘንድሮ እኔ አልኖርም፤ ልጄ ይመጣልሃል፤ ቀን የለባችሁም ብለህ እንዳትመልሰው› አለኝ። ‹ቢሮ የሚውለው? ምን ሊያደርግ! ሰው ቀጥሮ ይልካል› አልኩት። ‹ይመጣል› አለ። እልህ ተጋባንና በሙክት ተወራረድን። ከሱ ጋር ተወራርጄ አሸንፌ አላውቅም፤ ይኼን ግን በልቼዋለሁ ብዬ ነበር።»

ገመዱን ዘረጉልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዝም ብል የሚያውቅ የለም፤ ይታገስ ሞጣ ማንንም አያውቅም። ግን አባቴ በእኔ ውሸት ሲያሸንፍ ቆሜ ማየት አቃተኝ።

«አያ ምንይሉ፣ ያሸነፉት እርስዎ ነዎት» አልኩ። «ሰው ቀጥሬ ነበር። የመጣሁት እሱ ስለቀረ ነው።»

የሚደነግጡ መስሎኝ ነበር። «እሱንም ብሎኛል» አሉ።

«ምን ብሎ?»

«‹መጀመሪያ ሰው ይቀጥራል። ያ ሰው ከቀረ ግን ቀኔን አያስቀረውም፤ ራሱ ይመጣል› ነው ያለኝ። ‹ሰውየው ባይቀርስ?› ስለው ‹እንግዲያ ሙክቱን ትበላለሃ› ብሎ ሳቀ።» ገመዱን መልሰው ዘረጉልኝ። «ሰውየው ሲቀር ወደ ቤትህ መመለስ ትችል አልነበረም?»

«እችል ነበር።»

«እንግዲያ ያዝ።»

ያዝኩት። አባቴ ስንፍናዬን ያውቅ ነበር፤ ከስንፍናዬ ቀጥሎ ያለውንም ያውቅ ነበር። ስልክ ደውሎ ለሞጣ ሰው የነገረውን፣ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ሳስታምመው ለእኔ አልነገረኝም። ተናደድኩበት። ከዚያ ሙክቱን እንደያዝኩ አለቀስኩ። አቶ ምንይሉም ሊያባብሉኝ አልሞከሩም።

«ቢነግረኝ ኖሮ እኮ በየዓመቱ እመጣ ነበር» አልኳቸው።

«አትመጣም ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው።