ካርቶን ከመኪናው ሥር

የእህቴ የዶሪን ባል ክሊፎርድ የሰደበኝ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ዎልሶል ከተማ፣ እነሱ ደጅ። ጎረቤቶቹ ቢራቸውን ይዘው አጥሩን ተደግፈዋል።

"ኖርማን፣ ያቺ ቫንህ እንዳንተው ሽንቷን መቋጠር አቅቷታል" አለኝ። ሁሉም ሳቁ።

ቫኗ ዘይት ታንጠባጥባለች፤ አልክድም። ግን የደጃቸውን የመኪና መግቢያ የሲሚንቶ ጡብ አንድ በአንድ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። አራት ቀን ሙሉ ተንበርክኬ። ለእህቴ ብዬ እንጂ ለሱ አልነበረም። ጉልበቴ ያን ጊዜ ሄደ፤ ሐኪሙ ግን ዕድሜ ነው ይላል።

ከዚያ ወዲያ ክሊፎርድ ያን ጡብ እንደ ሳሎን ምንጣፍ ይጠብቀው ጀመር። ዘይት እንዳይጠጣ በየሁለት ዓመቱ ማሸጊያ ይቀባዋል። ጠብታ ካየ ለድመት መጸዳጃ የሚሸጠውን አሸዋ ነስንሶ፣ ጠርጎ፣ በሳሙና ይፈትገዋል። እኔ ከመኪናዬ ሥር ካርቶን ሳላነጥፍ መግባት የለም። እሱ ቆሞ ያያል፣ እኔ በሆዴ ተኝቼ ካርቶኑን እገፋለሁ። ዶሪን በመስኮት፣ "ተዉት በቃ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ" ትለናለች።

ባለፈው ጥቅምት፣ ዶሪን ታማ በነርስ እየታየች ቤት ተኝታ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ክሊፎርድ ደወለ።

"ቶሎ ና። ስምህን እየጠራች ነው። ነርሷ ብዙ አትቆይም ብላለች።"

በረርኩ። መግቢያው ባዶ ነበር። እጄን ወደ ኋላ ወንበር ሰደድኩ፤ ካርቶን የለም። ለዛሬ ያለ ካርቶን ብገባስ አልኩ። ያ የእሑድ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እህቴ እያጣጣረችም ክሊፎርድ ስለ ዘይት ሲነዘንዘኝ ታየኝና መግቢያውን አለፍኩት። ኳስ ያለበት ቀን ስለሆነ መንገዱ ሁሉ በመኪና ተሞልቷል። ሦስት መንገድ ዞሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አቆምኩ። በዚህ ጉልበት ደግሞ አይሮጥም።

ስደርስ ነርሷ የመኝታ ቤቱን መስኮት እየከፈተች ነበር፤ እዚህ ነፍስ ስትወጣ እንዲያ ይደረጋል።

"ካረፈች አምስት ደቂቃ አይሆናትም" አለችኝ።

የዶሪን እጅ ገና አልቀዘቀዘም።

ስወጣ ክሊፎርድ ጡቡ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል።

"ስታልፍ በመስኮት አየሁህ እኮ። 'ኖርማን መጣልሽ' አልኳት። በሩን በሩን ስታይ..." ባዶውን ጡብ በእጁ አሳየኝ። "መኪናዬን መንገድ ላይ ያወጣሁት ላንተ ብዬ ነበር። ለምን እዚህ አላቆምክም? ማን ከለከለህ?"

 በዚያ ንጹሕ ጡብ ላይ አልፌ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አዘገምኩ።