የአዝራር ቀዳዳ

«ይቺን ቀዳዳማ የሠራኋት እኔ ነኝ» አለች ሴትየዋ፣ የሟችን ሚስት የጥቁር ቀሚስ ኮሌታ በሁለት ጣቷ ይዛ።

ለለቀስተኛው ሻይ የሚያድለው ሰው ብርጭቆውን እንደያዘ ቆመ። ሚስትየዋ ሸጋ ትባላለች፤ ባሏ ያወጣላት ስም ነው፤ ሰፈሩም ዋና ስሟን ረስቶታል። ሴትየዋ ገና መግባቷ ነው፤ ጠና ያለች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ከዚህ በፊት እዚህ ቤት ታይታ የማታውቅ። ከኋላዋ የሸጋ ዋርሳ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ቆሟል። ይዟት የመጣው እሱ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ማናቸው?» አለች ሸጋ።

ዋርሳዋ ጉሮሮውን ጠረገ። «የወንድሜ ሚስት ናቸው። የመጀመሪያዋ።»

«በሕግ አምላክ!» አሉ ጥግ የተቀመጡት አሮጊት ጎረቤት። «ጣውንቷ ናት በሉኛ!»

«እኔም የመጣሁት በሕግ ነው፣ እማማ» አለ ዋርሳዋ።

ዋርሳዋ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖር ሰው ነው። ከዳኞቹ ጋር አንድ አጥር ስለሚጋራ እሱም የፈረደ ይመስለዋል። ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ። «የእኛ አካባቢ ሕግ በሽማግሌ ፊት የተደረገ ጋብቻን ያውቃል። ወንዱ ሁለት ቢያገባም ያውቃል። ሁለተኛዋ የምትጸናው ግን የመጀመሪያዋ አውቃ ከፈቀደች ብቻ ነው። ካልፈቀደች ባዳ ናት፤ ቤቱን ለእኛ ለወንድሞቹ ለቃ ትወጣለች፣ የስፌት ሱቁ ለእትዬ ይሆናል። እትዬ፣ እስቲ በሰው ፊት ይንገሩን። ፈቅደዋል?»

ሸጋ ወግ ያላት ባለትዳር ሆና ነበር ለቅሶ የተቀመጠችው፤ አሁን ምን እንደሆነች እንኳ አታውቅም። እጇ ሳታዝዘው ወደ ኮሌታዋ ሄደ።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ማር። «ጨርቅ ልገዛ» ብሎ ይሄድና አድሮ ሲመለስ፣ በጅምር ይዞት የወጣው ቀሚሷ አልቆለት ይመጣል። የአዝራሩ ቀዳዳ በእጅ የተሠራ ነው፤ ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንዱ ክር ከሌላው የማይዛነፍ። «ይሄን ደግሞ መቼ ሠራኸው?» ስትለው «መንገድ ላይ፣ አንቺን እያሰብኩ» ይላታል። እሷም «የባሌን እጅ እዩልኝ!» እያለች ሰፈሩን ስትዞር ትውላለች። አንድም ቀን ግን ቀዳዳ ሲሠራ በዓይኗ አላየችውም። እንዴት ያለች ጅል ነበረች!

«ስለ እኔ እንዴት አወቁ?» አለች እንደምንም።

«ልክሽን አይቼ ነዋ» አለች ሴትየዋ። «የማን ነው ስለው ‹የደንበኛ› ይለኛል። የምን ደንበኛ ናት ደሞ፣ ስትከፍል የማትታይ? ያው ወገብ፣ ያው ክንድ፣ በየጊዜው። ነድጄ ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ! የአረንጓዴውን ቀሚስ አንገት ሆን ብዬ አጥብቤብሻለሁ።»

ሸጋ አስታወሰችው። አንቆ ይይዛት የነበረ ቀሚስ ነው፤ ወፍሬ ነው ብላ ስንት ቀን ራት ትታለች።

«ኋላ ግን ወገቡ ሰፋ ያለ ቀሚስ አመጣልኝ» ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀጥሎ የመጣው ተመልሶ ጠበበ። ጽንሱ አልጸናልሽም፣ አይደል? እኔም ሆዴ ባዶ ነው፤ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ በአንቺ መናደዱን ተውኩት።»

ያን ነገር ከሸጋና ከባሏ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። ለእናቷ እንኳ አልነገረችም።

«እትዬ፣ የተጠየቁት ሌላ ነው» አለ ዋርሳዋ። «ወንድሜ ላግባ ብሎ ጠይቆዎታል?»

«አልጠየቀኝም።»

የዋርሳዋ ፊት በራ። ሸጋ ግድግዳውን፣ በሩን፣ የባሏ መቀስ የተሰቀለበትን ምስማር አየች። አለቀ፣ ወጣሁ፣ አለች በልቧ።

«ይኸው፣ ሁላችሁም ሰማችሁ…»

«ቆይማ፣ መች ጨረስኩና! ወንድምህ በአፉ ለመጠየቅ ወኔ አልነበረውም። ቀሚሱን አምጥቶ ጭኔ ላይ ያኖርልኝና ፊቱን ያዞራል። ጥያቄው እሱ ነው። እኔም መልሻለሁ። ያልፈቀድኩ ብሆን ቀዳዳውን ሰፍቼ እዘጋው ነበር። ጻፍ! አውቄያለሁ፣ ፈቅጃለሁ። ዳኛው ፊትም ቆሜ እናገራለሁ።»

«ሱቁን እኮ ትካፈልዎታለች!»

«ትካፈለኛ!»

ዋርሳዋ አንድ ጊዜ ወደ ለቀስተኛው፣ አንድ ጊዜ ወደ ጫማው አየ። የሚያግዘው አላገኘም። አሮጊቷ «ተቀመጥ እስቲ፣ ሻይ ጠጣ» አሉት።

ሸጋ ለቅሶው ከተጀመረ ጀምሮ እንባ አልወጣትም ነበር፤ ሰው ለዚህም አምቷታል። አሁን ባሏን ልታለቅሰው ይሁን ልትረግመው ለራሷም አልገባትም።

ሴትየዋ እንደገና የሸጋን ኮሌታ ያዘች። «ቀዳዳዋ ተተርትራለች እኮ። ስትጎትቻት ከርመሽ ነው» አለች፤ ከሻሿ ጠርዝ ክር ያለበት መርፌ ነቀለች። «ቀና በይ።»

ቤቱ ሙሉ ሰው እያየ ነው። መርፌው ከጉሮሮዋ አጠገብ ብልጭ አለ። እንባዋ ሳታስበው ዱብ ዱብ እያለ የሴትየዋን እጅ አራሰው፤ እጁ ግን መስፋቱን አላቋረጠም።

«እኔ እኮ…» አለች ሸጋ።

«ዝም በይ፣ መርፌ ይዣለሁ።»

ሸጋ አገጯን ይበልጥ ቀና አደረገችላት።